ቬሎሞቢል

ቬሎሞቢል በሰው እግር ጉልበት የሚሄድ፣ አካሉ ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው በሽፋን የተከለለ ተሽከርካሪ ነው። ብዙውን ጊዜ ሦስት ጎማዎች አሉት፤ ሁለቱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ነጂው እንደ ተራ ብስክሌት ኮርቻ ላይ አይወጣም። ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ፔዳሉን ይገፋል። ስሙ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን «ቬሎ» ብስክሌት፣ «ሞቢል» ተንቀሳቃሽ ማለት ነው። ከሩቅ ላየው ሰው በጎማ ላይ የወጣች ትንሽ ጀልባ ይመስላል። በአገራችን የቅርብ ዘመዱ ባጃጅ ነው ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ባጃጅ አንዱን ጎማ ከፊት ያደርጋል፣ ሞተርም አለው።

ይህ ጽሑፍ የቬሎሞቢልን ታሪክና አሠራር ባጭሩ ካየ በኋላ፣ እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚለመድ ያብራራል። ለምሳሌነት የተወሰደው የዓለም ከተማ መንገድ ነው፤ ምክንያቱም ስለ ቬሎሞቢል የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ሜዳ መሬትን የሚያስብ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪክ

የዛሬው ቬሎሞቢል አባት ተብሎ የሚጠራው ፈረንሳዊው ሻርል ሞሼ ነው። በ1920ዎቹ ለትንሽ ልጁ ለዦርዥ ባለ አራት ጎማ የፔዳል መኪና ሠራለት። የልጁ እናት ብስክሌት አደገኛ ነው ብላ ስለፈራች ነው ይባላል። መጫወቻው ከሌሎች ልጆች ብስክሌት ጋር ሲወዳደር ፈጣን ሆኖ ስለተገኘ፣ ሞሼ ለሁለት አዋቂ ሰዎች የሚበቃ «ቬሎካር» የተባለ ተሽከርካሪ ሠርቶ መሸጥ ጀመረ። መኪና መግዛት ለማይችል ሰው የታሰበ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳይ በጀርመን ስትያዝና ቤንዚን ሲጠፋ ፈላጊው በዛ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ግን ሰው ወደ ሞተር ተመለሰ፤ የሞሼ ልጅም ትንንሽ ባለ ሞተር መኪናዎችን ወደ መሥራት ዞረ።

ሞሼ ከዚሁ ሐሳብ በመነሳት ጋደም ተብሎ የሚነዳ ባለ ሁለት ጎማ ብስክሌትም ሠርቶ ነበር። ፍራንሲስ ፎር የተባለ ብስክሌተኛ በ1933 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በዚህ ብስክሌት በአንድ ሰዓት 45.055 ኪ.ሜ. ሄዶ፣ ከ1914 ጀምሮ የቆየውን የኦስካር ኤግን ክብረ ወሰን ሰበረ። ፎር ከዋነኞቹ ጋላቢዎች አንዱ ስላልነበረ ነገሩ ጭቅጭቅ አስነሳ። በሚቀጥለው ዓመት ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር «ብስክሌት» ምን ዓይነት ቅርጽ እንዳለው ወስኖ፣ ጋደም የሚባልባቸውን ከይፋዊ ውድድር አስወጣ። ብዙ ሰዎች ይህ ውሳኔ የብስክሌትን ቴክኖሎጂ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ወደ ኋላ ጎትቶታል ይላሉ። ማጋነን ሊኖርበት ይችላል፤ ውድድር የሌለው ነገር ማስታወቂያ እንደማያገኝ ግን ግልጽ ነው።

በስዊድን «ፋንቶም» የተባለ ቬሎሞቢል ንድፍ በወረቀት ብዙ ተሸጧል፤ ገዝተው ሠርተው የጨረሱት ግን ጥቂቶች ነበሩ። ሐሳቡ እንደገና ያንሰራራው በ1970ዎቹ ከነዳጅ ቀውስ በኋላ ነው። ዴንማርካዊው ካርል ጆርጅ ራስሙሰን «ላይትራ»ን ሠርቶ በ1980ዎቹ ለገበያ አቀረበ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በኔዘርላንድስ ድሮንተን ከተማ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ በሪቬት ተያይዞ የሚሠራው «አለቬደር» መጣ። ገዢው ክፍሎቹን በሣጥን ገዝቶ ቤቱ ሊገጣጥመው ይችል ነበር። በ2000 ዓ.ም. በዚያው በድሮንተን «ኩዌስት» ተከተለ፤ ዛሬ ያሉት አብዛኞቹ ፈጣን ሞዴሎች የእሱን መንገድ የተከተሉ ናቸው።

ድሮንተን ያለችው ኔዘርላንዶች ባሕሩን አጥረውና አድርቀው ባወጡት መሬት ላይ ነው። ከባሕር ጠለል በታች ናት፤ መሬቷም እንደ ገበታ የተዘረጋ ነው። ይህን ማስታወስ ከዚህ በታች ላለው ነገር ሁሉ ይጠቅማል።

አሠራር

የፊት ጎማዎቹ ትንንሽ (አብዛኛውን ጊዜ 20 ኢንች) ሲሆኑ መሪውም ፍሬኑም እነሱ ላይ ነው። ጉልበት የሚሰጠው የኋላው ጎማ ነው፤ ፔዳሉ ከፊት በአፍንጫው ውስጥ ስለሆነ ካቴናው ተሽከርካሪውን አቋርጦ ወደ ኋላ ይሄዳል። ርዝመቱም የተራ ብስክሌት ሁለት ሦስት ካቴና ይሆናል። ሽፋኑ ከፋይበር ግላስ፣ ከካርቦን ፋይበር ወይም ከአሉሚኒየም ይሠራል። ክብደቱ ከ20 እስከ 40 ኪ.ግ. ነው። ኩዌስትን ብንወስድ ርዝመቱ 2.85 ሜትር፣ ቁመቱ ከ1 ሜትር ጥቂት ያነሰ ነው።

የሽፋኑ ዋና ሥራ ዝናብ መከላከል ይመስላል፤ ዋና ሥራው ግን የአየር ሰበቃን መቀነስ ነው። ተራ ብስክሌት ላይ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው በሜዳ ሲጓዝ አብዛኛው ጉልበቱ የሚያልቀው አየር በመግፋት ነው። ሰበቃው ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ ፍጥነትን እጥፍ ለማድረግ አየሩን ለመግፋት ብቻ ስምንት እጥፍ አቅም ያስፈልጋል።

በባሕር ዳር ሜዳ ላይ ቀላል ስሌት እንሥራ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ብስክሌትም ከጥንት ጀምሮ የከተማዋ መታወቂያ ነው። 65 ኪ.ግ. የሚመዝን ወጣት ሳያቋርጥ 150 ዋት ቢያወጣ፣ በ15 ኪ.ግ. ተራ ብስክሌት በጥሩ አስፋልት ላይ በሰዓት 26 ኪ.ሜ. ገደማ ይሄዳል። በዚያው ጉልበት በ30 ኪ.ግ. ቬሎሞቢል 43 ኪ.ሜ. ገደማ ይሄዳል። 20 ኪ.ሜ. ለመሄድ አንደኛው 46 ደቂቃ ሲፈጅ ሌላው 28 ደቂቃ ይበቃዋል ማለት ነው። ቬሎሞቢልን ያስወደደው ይህ ቁጥር ነው።

በአቀበትና በቁልቁለት፦ የዓለም ከተማ ምሳሌ

ዓለም ከተማ በሰሜን ሸዋ የመርሐ ቤቴ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከባሕር ጠለል በላይ 2,280 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በሙከ ጡሪና በለሚ በኩል አድርጎ ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ ይወርዳል፣ ድልድዩን ይሻገራል፣ ከዚያ እንደገና ይወጣል። ደጋ፣ ቆላ፣ ደጋ። ለስሌት እንዲመች ከወንዙ እስከ ከተማዋ ያለውን አቀበት 1,000 ሜትር ከፍታ፣ ተዳፋቱን ደግሞ በአማካይ 7 በመቶ እንበለው።

አቀበት ላይ ፍጥነቱ ትንሽ ስለሆነ የአየር ሰበቃ ከቁጥር አይገባም። የሚቆጠረው ክብደት ነው። ያው ወጣት በ150 ዋት ራሱንና ተራ ብስክሌቱን (በድምሩ 80 ኪ.ግ.) 1,000 ሜትር ለማንሳት 1 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ይፈጅበታል። በቬሎሞቢል (95 ኪ.ግ.) 1 ሰዓት ከ44 ደቂቃ። ሽፋኑ ምንም ሳይጠቅመው 17 ደቂቃ አስከፈለው። በዚያ ላይ ሙቀቱ አለ። የሰው አካል ከሚያቃጥለው ጉልበት ወደ ፔዳል የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። 150 ዋት የሚገፋ ሰው ከ450 ዋት በላይ ሙቀት ያወጣል። ተራ ብስክሌት ላይ ነፋሱ ይወስድለታል። በቬሎሞቢል ውስጥ፣ በጀማ ቆላ፣ በሰዓት 8 ኪ.ሜ. እየተጓዘ የሚቀመጥ ሰው ግን ከትንሽ ምድጃ ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ እንደተዘጋ ነው። ስለዚህ የላይኛው ክዳን ተነስቶ የሚታሰር ካልሆነ ለዚህ መንገድ አይሆንም።

እውነተኛው አደጋ ያለው ግን ቁልቁለቱ ላይ ነው። ስለ ቬሎሞቢል ከሚነገረው ሁሉ ለደጋ አገር ሰው ዋናው ይህ ይመስለኛል። በ7 በመቶ ቁልቁለት ፍሬን ያልያዘ ተራ ብስክሌት አየሩ ራሱ ስለሚያግደው በሰዓት 50 ኪ.ሜ. ገደማ ላይ ፍጥነቱ መጨመሩን ያቆማል። ቬሎሞቢል ግን አየሩን እንዲያመልጥ ሆኖ የተሠራ ነውና 120 ኪ.ሜ. ገደማ እስኪደርስ የሚያቆመው የለም። በሜዳ ያስወደደው ጠባይ እዚህ ጠላት ይሆናል። በሰዓት 30 ኪ.ሜ. ይዞ ለመውረድ የተራ ብስክሌት ፍሬን 260 ዋት ገደማ ሙቀት መሸከም ሲኖርበት፣ የቬሎሞቢሉ ወደ 460 ዋት ይሸከማል። እስከ ድልድዩ ድረስ ፍሬኑ ላይ የሚያርፈው ሙቀት በዓለም ከተማ ከፍታ ሁለት ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሁሉ የሚገባው በፊት ጎማዎቹ እምብርት ውስጥ ባሉ ሁለት ትንንሽ ከበሮ ፍሬኖች ነው። ከበሮ ፍሬን ጭቃና ውሃ ስለማይገባበት ለክረምት ምርጥ ነው፤ ሙቀት ግን ቶሎ አያወጣም፣ ከመጠን በላይ ሲግል ደግሞ መያዙን ይቀንሳል።

መፍትሔው ለብስክሌት ነጂ ግር የሚል ነው፦ ቀስ ብሎ መውረድ። ተራ ብስክሌት ነጂ ቀና ብሎ ተቀምጦ አየሩን እንደ ፍሬን ይጠቀምበታል። ቬሎሞቢል ነጂ ይህ ስለሌለው ከላይ ጀምሮ በሰዓት 15 ኪ.ሜ. ያህል ይዞ፣ የመንገድ ዳር ሲያገኝ ቆሞ፣ እጁን ወደ ፍሬኑ አስጠግቶ ሙቀቱን እያየ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ፈጥኖ ከዚያ ለማስቆም መሞከር ነው የሚገድለው።

አመራረጥ

ቬሎሞቢል ውድ ነው፤ አዲሱ በብዙ ሺህ ዩሮ ይሸጣል፣ ካርቦኑ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ፈጣን ነው?» ሳይሆን «የምሄድበት መንገድ ምን ዓይነት ነው?» መሆን አለበት።

ከመሬት ያለው ከፍታ መታየት አለበት። ፈጣኖቹ ሞዴሎች ሆዳቸው ከመሬት 10 ሴ.ሜ. ገደማ ብቻ ከፍ ይላል። በአስፋልት ችግር የለበትም፤ በጠጠር መንገድ፣ በኮብልስቶንና በፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ግን ሽፋኑ ይፋቃል። ጎማዎቹ በሽፋን ውስጥ የተደበቁባቸው ሞዴሎች ከጎማው ውጪ ከሚታይባቸው ይፈጥናሉ፤ ግን መሪያቸው ብዙ አይዞርም፤ ለመታጠፍም 10 ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ይፈልጋሉ። በክረምት ጭቃ ደግሞ ጎማው የተደበቀበት ጎድጓዳ ይደፈናል። ለጠባብ የከተማ መንገድና ለጭቃ ጎማው ውጪ የሆነው ይሻላል።

የሽፋኑን ማቴሪያል በተመለከተ የአውሮፓ ገዢዎች ካርቦንን ያስቀድማሉ፤ ቀላልም ጠንካራም ነው። እኔ ግን ለኢትዮጵያ የአለቬደር ዓይነቱን አሉሚኒየም አስቀድማለሁ። ካርቦን ሲሰነጠቅ የሚጠግነው ልዩ ባለሙያ ነው። አሉሚኒየም ሲጣመምና ሲቀደድ ግን በየከተማው የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠራው ልጅ ቆርቆሮውን ቆርጦ፣ በስቶ፣ በሪቬት ሊይዘው ይችላል። ጥቂት ኪሎ ይከብዳል፤ ዋጋው ግን ተመጣጣኝ ነው።

ጎማ ሲመረጥም እንዲሁ ነው። 20 ኢንች የሚባሉት ጎማዎች ሁሉ አንድ አይደሉም፤ የቸርኬው ዲያሜትር 406 ሚ.ሜ. የሆነውና 451 ሚ.ሜ. የሆነው አይለዋወጡም። 406 በብዙ የልጆች ብስክሌት ላይ ያለው ስለሆነ ጎማውም ካላማዳሪውም ብስክሌት በሚሸጥበት ሁሉ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። 451 ግን ከውጭ ካልመጣ የለም።

ለአቀበት በጣም ዝቅተኛ ማርሽ ያስፈልጋል። ቬሎሞቢል ሦስት ጎማ ስላለው በሰዓት 4 ኪ.ሜ. ቢሄድም አይወድቅም፤ ነጂው ሲደክመው የእጅ ፍሬን ይዞ አቀበቱ መሃል ማረፍ ይችላል። ይህ ከተራ ብስክሌት የሚበልጥበት ነገር ነው። ደካማ ጎኑ ደግሞ አንዱ የኋላ ጎማ ብቻ የሚገፋ መሆኑ ነው። በጠጠር አቀበት ላይ በቂ ክብደት ስለማያርፍበት ባለበት ይሽከረከራል። ከኋላ ጭነት ማስቀመጥ ጥቂት ይረዳል።

ለእንዲህ ያለ አገር የኤሌክትሪክ አጋዥ ሞተር ቅንጦት አይደለም። 250 ዋት የሚረዳ ሞተር ቢጨመር ከላይ ያየነው 1 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ወደ 39 ደቂቃ ይወርዳል (የሞተሩን ክብደት ሳንቆጥር)። ከባትሪው የሚወስደው 200 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው፤ በኤሌክትሪክ ብስክሌቶች ላይ የተለመደው 500 ዋት-ሰዓት ባትሪ ይህን አቀበት ሁለት ጊዜ ያስወጣል። ሞተሩ በፔዳሉ በኩል፣ በማርሹ አልፎ የሚሠራ ቢሆን ይመረጣል፤ በጎማው እምብርት ውስጥ ያለው ትንሽ ሞተር ረጅም አቀበት በዝግታ ሲወጣ ይግላል። በሌላ በኩል አንዳንዶቹ የእምብርት ሞተሮች ቁልቁለት ላይ እንደ ፍሬን ሆነው ባትሪውን መልሰው ይሞላሉ። ከጀማ ቁልቁለት አንጻር ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

በመጨረሻ ልክ አለ። ቬሎሞቢል እንደ ጫማ ነው፤ ሳይለኩ አይገዛም። የእግር ርዝመት፣ የትከሻ ስፋትና የጫማ ቁጥር መታወቅ አለባቸው። ጉልበት ከላይኛው ሽፋን ጋር፣ የጫማ ጫፍ ከአፍንጫው ውስጠኛ ግድግዳ ጋር እንዳይጋጭ ተቀምጦ ፔዳሉን ማዞር ያስፈልጋል። የፔዳል ክንዱ አጭር (ከ150 እስከ 155 ሚ.ሜ.) ቢሆን ጉልበት ብዙ ስለማይነሳ ቦታ ይገኛል።

ሽፋን የሌለው ባለ ሦስት ጎማ ጋደም ብስክሌትም አለ። ርካሽ፣ ቀላልና ነፋሻ ነው። በአገራችን ከተሞች እግራቸው የማይሠራ ሰዎች በእጃቸው እያዞሩ የሚሄዱበት ባለ ሦስት ጎማ ከዚህ ቤተሰብ ብዙ አይርቅም። እነሱ ዝናቡንም ፀሐዩንም ያለ ሽፋን ነው የሚችሉት፤ የቬሎሞቢል ሐሳብ ለማን ይጠቅማል ከተባለ ከውድድር ጋላቢ ይልቅ እነሱ ይቀድማሉ። ሰበቃ ለመቀነስ የተሠራ ሙሉ ሽፋን አያስፈልጋቸውም። ከላይና ከፊት የሚከልል ቀላል ክዳን፣ ዝቅተኛ ማርሽና አስተማማኝ ፍሬን ይበቃል።

መልመድ

ተራ ብስክሌት የሚችል ሰው ቬሎሞቢልን ወዲያው ይነዳዋል፤ ሚዛን መጠበቅ የለበትምና። መልመድ የሚፈጀው ሌላው ነገር ነው።

የመጀመሪያው እግር ነው። ጋደም ብሎ መግፋት የሚያሠራቸው ጡንቻዎች ከተራ ብስክሌት ጋር አንድ አይደሉም፤ ቆሞ በክብደት መርገጥም አይቻልም። የበረታ ብስክሌተኛ እንኳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አቀበት ላይ ይደክማል፣ ጉልበቱንም ሊያመው ይችላል። ዝቅ ያለ ማርሽ ይዞ ቶሎ ቶሎ ማዞር ጉልበትን ያድናል። እግር ከፔዳል እንዳይንሸራተት የሚቆለፍ ጫማ የግድ ነው፤ ሽፋን የሌለው ዓይነት ላይ በፍጥነት መሃል እግር መሬት ነክቶ ከስር ቢገባ አጥንት ሊሰበር ይችላል።

ሁለተኛው መሪ ነው። በአንዳንዱ ከመሃል የሚመጣ አንድ ዘንግ ነው፣ በአንዳንዱ ደግሞ ግራና ቀኝ ሁለት እጀታዎች አሉ። በሁለቱም ትንሽ መንካት ይበቃል፤ ጀማሪ አጥብቆ ሲይዝ ተሽከርካሪው ይዋልላል። ኩርባ ላይ ፍጥነትን የሚቀንሱት ከመግባት በፊት ነው። ሦስት ጎማ አይወድቅም የሚባለው በዝግታ ሲሄድ ብቻ ነው፤ በፍጥነት ሲታጠፉ የውስጠኛው ጎማ ይነሳል። ያን ጊዜ ትከሻን ወደ ኩርባው ውስጥ ማዘንበል ይረዳል። የጎን ነፋስም እንዲሁ ድንገት ይገፋል፤ ገደል ጫፍ ላይ በወጣ መንገድ ይህን ማሰብ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው መታየት ነው። የነጂው ዓይን ከመሬት ከ1 ሜትር በታች ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ከአጠገቡ ያለውን ላያየው ይችላል። ረጅም ባንዲራ፣ ቀንም የሚበራ መብራት፣ በሁለቱም በኩል መስታወት ይደረጋል። በእኛ መንገድ ላይ ግን ከመኪናው በላይ የሚያሳስቡት አህያ፣ በግና ሕፃናት ናቸው። ቬሎሞቢል ድምፅ የለውም፤ አህያዋ ሳትሰማው ድንገት አጠገቧ ሲደርስ ወዴት እንደምትዞር አይታወቅም። ጥሩምባ ያስፈልጋል።

ድምፅ የለውም የተባለው ውጭ ላለ ሰው ነው። ውስጥ የተቀመጠው ሽፋኑ እንደ ከበሮ ስለሚያስተጋባ የካቴናውን፣ የጠጠሩንና የኮብልስቶኑን ጩኸት ሁሉ ይሰማል። አንዳንዶች በውስጥ በኩል ስፖንጅ ይለጥፋሉ። በአንጻሩ እንደ መሐል ሜዳ ባለ ብርዳማ የመንዝ ደጋ፣ ጠዋት ላይ ሽፋኑ ጋቢን ይተካል፤ ነጂው በስስ ልብስ ሊሄድ ይችላል።

ወደ ኋላ መሄጃ ማርሽ የለውም። በብዙዎቹ ሞዴሎች ወለሉ ላይ ለእግር ቀዳዳ አለ፤ ነጂው እግሩን አውጥቶ መሬቱን እየገፋ ወደ ኋላ ይመለሳል። በዳገት ላይ ይህን ከመሞከር ወርዶ ማዞር ይሻላል። ለዚህም ሲባል ከውስጡ መግባትና መውጣት፣ በተለይም በጎኑ ቢገለበጥ ክዳኑን ከፍቶ መውጣት፣ ከጉዞ በፊት ሜዳ ላይ ደጋግሞ ይለመዳል። ፍሬኑም እንደዚሁ አጭር ቁልቁለት ላይ ይፈተናል፤ አንዱ ጎን ከሌላው አጥብቆ ከያዘ ተሽከርካሪው ወደዚያ ይስባልና ገመዱ እኩል እስኪሆን ድረስ ይስተካከላል።